ቀንድ ያልነበረው ራስ

ማክሰኞ ጠዋት ከዳንግላ ተነሣሁ። መድረሻዬ እንጅባራ፣ የቀርከሃ ሠሪው አያ ፈንታ ቤት ነበር። ባለቤቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ከመሞቱ በፊት የአንድ ቅጠል በል ዳይኖሰር ራስ ለተማሪዎቹ በቀርከሃ እንዲሠራለት አዝዞ ነበር። ሳይረከበው ሞተ። ልኩን ያልጠበቀ ነገር ክፍል ውስጥ እንደማያስገባ ስለማውቅ፣ የእንስሳውን ልክና ሥዕል ያሰፈረበትን ደብተር ይዤ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ጥቁር መልበሴን አይተው ባሌ በምን እንደሞተ ጠየቁኝ። ማታ ተኝቶ ጠዋት አልነቃም፤ ሐኪሞቹም ምክንያቱን አላገኙትም። እኔ ግን ግፊት ነበረበት አልኳቸው። ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ፤ አንዴ ግፊት፣ አንዴ ልብ።

አዲስ ቅዳም

የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድሯል። መኪናው ሰው እስኪጭን ትኩስ ቅቅል ድንች ገዝቼ እየበላሁ ደብተሩን ገለጥኩ። እንስሳው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አራት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ እጆቹ አጫጭር፣ ጥርሶቹ ደቃቅ ናቸው። የአናቱ አጥንት ግን እስከ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። ያን ውፍረት በስንዝሬ ገመትኩት። ከአንድ ስንዝር ይበልጣል።

እንጅባራ

ካፊያና ብርድ ተቀበለኝ። አያ ፈንታ የዳይኖሰሩን ራስ ከጆንያ አወጡት። የቀርከሃ አገዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ አናቱን ድፍን ከሆነው ከቀርከሃው ሥር ጠርበው ገጣጥመውታል። ከኋላ የተደረደሩት እብጠቶች ሳይቀሩ እንደ ሥዕሉ ናቸው። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

ከአናቱ ላይ ግን ሁለት ቀንዶች ቆመዋል።

“ቀንዱ የእኔ ስጦታ ነው፣ እትዬ” አሉኝ። “መምህር በአናቱ የሚዋጋ ይመስላል ብለውኝ ነበር። ቀንድ የሌለው ወይፈን በምን ይዋጋል?”

እንዳላስቀይማቸው ፈራሁ። ደብተሩን አውጥቼ አነበብኩላቸው፦ ቀንድ የለውም። በአናቱ ይዋጋ ይሆናል፤ በእርግጥ አይታወቅም።

“መምህር ያን ሁሉ አንብበው አላወቁም?”

“አላወቀም፣ አያ ፈንታ። አለማወቁንም ጽፎታል።”

ደብተሩን ተቀብለው ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ቀንዶቹን ነቀሉ፤ ቀዳዳዎቹን በሥር ስንጣሪ ደፍነው ጠባሳው እስኪጠፋ ፋቁት።

መልስ

የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እንቢ ብዬ ታቀፍኩት። “እንግዲህ ይሄም ተሳፋሪ ነው” ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ ተከትላኝ ገባች። አናቱን እየዳሰሰች አደነቀች። ቆይታ ደግሞ፣ ለቅሶ ላይ የተለያየ ነገር ሰምታ ኖሮ፣ መምህር በምን እንዳረፈ ጠየቀችኝ።

“አላወቅንም” አልኳት።

ሌላ ነገር አልጨመርኩም። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።