ሁሉም ሳይገቡ

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። የማር ጣሳ እግራቸው መሀል ይዘዋል። የላስቲክ ጫማቸው በሽቦ ተጠግኗል።

ሾፌሩ ዘንድሮ ከየሠርጉ የማይጠፋውን ዘፈን ከፈተ። እኛ አገር ልጃገረዶች ክብ ሠርተው፣ እያጨበጨቡ የሚጫወቱበት ዜማ ነው። አንድ ዘፋኝ ኦርጋን ጨመረበትና የራሱን ስም ለጠፈበት! በጨዋታው እያንዳንዷ ልጅ በስሟ እየተጠራች መሀል ትገባለች፤ ሁሉም ሳይገቡ መበተን ነውር ነው። ዘፋኙ ግን አንዲት ልጅ ብቻ ጠርቶ የእሷኑ ስም ይደጋግማል።

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ሰሙት። ሲያበቃ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ማነው የዘጋው?»

«አለቀ እኮ እማማ» አለ ሾፌሩ።

«ምኑ አለቀ! ሌሎቹ መች ገቡ? ብርሃነሽ አልገባች፣ ወርቂቱ አልገባች፣ አበሩ አልገባች! ዜማውን ሲወስድ ልጆቹን የት ጣላቸው?»

ሾፌሩ ሳቀ። «እርስዎስ ገብተው ያውቃሉ?»

ሴትዮዋ አልሳቁም። ጣሳውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ክዳኑን ጫን ጫን አደረጉት።

«የት እገባለሁ? ተራዬ ሊደርስ አንዲት ልጅ ሲቀር፣ ሽማግሌ መጥቷል ብለው ከክቡ ጎትተው አወጡኝ። አሥር ዓመት አልሞላኝም። በወሩ ዳሩኝ» አሉ። «ልመለስ ብዬ ሳለቅስ፣ ያኔም እንዳንተው ‹አለቀ› ነው ያሉኝ።»