ለሶላሩ ሲባል የሚቆረጠው ማንጎ

ማክሰኞ ንጋት፣ አቦቦ

ጎህ ሳይቀድ ከወንድሜ ቤት ወጣሁ። ወደ ጋምቤላ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ የተነሳው ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ነው፤ እግሬ ሥር ዶሮዎች፣ ከኋላዬ የበቆሎ ጆንያ። የዚህ መንገድ አቧራ ሳይቀር ናፍቆኛል ብል ማን ያምነኛል? የመምህር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ጋምቤላ ነው።

"ዘመድ ጥየቃ ነው እህቴ?" አለኝ ሹፌሩ ኦሞድ።

"ሥራም አለብኝ።"

ሥራው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ማደግ ይፈልጋል፤ ደንበኞቹ ደግሞ ጭሳችሁን ቀንሱ ብለው ወጥረው ይዘውታል። ስለዚህ ሥራ የምንሰጠው ስፌት ቤት ሁሉ ጄኔሬተር ትቶ በሶላር እንዲሠራ ተወሰነ። ሶላሩን ፋብሪካው ያቀርባል። ባሮ ዳር ስፌት ቤት ያላት አብሮ አደጌ አጁሉ ይህን ካሟላች ትልቁን የዩኒፎርም ሥራ ታገኛለች፤ ካላሟላች ሥራው ለሌላ ይሄዳል።

ረፋድ፣ ባሮ ዳር

ባጃጁ ወንዙ ዳር አወረደኝ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ትንንሽ ጀልባዎች፣ የተጠበሰ አሣ ሽታ። እዚህ ማንጎ ሥር የአጁሉ አክስት በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ቀሚስ ይሰፉ ነበር፤ እኛ ቁርጥራጩን ለቅመን አሻንጉሊት እናለብስ ነበር።

ዛሬ ማንጎው ሥር መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኳት አጁሉን፣ ከስፌት ቤቷ ወጥታ ገና እንደተቃቀፍን።

"እናንተ ናችሁ ያላችሁት! ሶላር ጣሪያ ላይ ይሁን አላችሁ። የእኔን ጣሪያ ማንጎው ሸፍኖታል፣ ፀሐይ የለም። ዛሬ ይቆረጣል።"

"አጁሉ፣ የአክስትሽ ማንጎ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ ትናፍቂዋለሽ። እኔን ግን የሚሰፉልኝ ሴቶች በየቀኑ 'ሥራው መቼ ነው?' ይሉኛል። ማንጎ ብሉ ልበላቸው?"

እውነቷን ነው። ጭስ እንቀንስ ብለን መጥተን ዛፍ ልናስቆርጥ ነው፤ ለማን ይነገራል?

ቀትር

ባለመጥረቢያዎቹ አሣ በልተው መቁረጥ ሊጀምሩ ነው። ሴቶቹ የሚሰፉበት የቆርቆሮ ክፍል እንደ ምድጃ ጋለ። ማንም ሳያዛቸው የስፌት መኪናቸውን ትተው ወጡና ማንጎው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ጋደም አሉ። ጋምቤላ በቀትር አይሠራም፤ ይህን ልጅ ሆኜም አውቀው ነበር፣ አዲስ አበባ አስረስቶኝ እንጂ።

እኛም አጠገባቸው ቁጭ አልን። የምንሰጠው ሶላር ባትሪ የለውም፤ ኃይሉ የሚመጣው ፀሐይ ስትከር ነው።

"አጁሉ፣ ማንጎው ተቆርጦ ኃይሉ በዚህ ሰዓት ሲመጣ፣ እዚያ ክፍል ገብቶ የሚሰፋው ማነው?"

ጣሪያውን አየች። ቅርንጫፉን አየች። ደግሞ የተጋደሙትን ሴቶች አየች።

"ሰው ይሞታል እንጂ አይሰፋም" አለች። የማንጎውን ግንድ መታ አድርጋ፣ "አክስቴስ? ቀትር ላይ እዚሁ ጥላ ሥር አይደል ትሰፋ የነበረው?"

ሁለታችንም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአክስቷ ቤት ዞርን። ጣሪያው ላይ ጥላ የሚባል የለም። ሶላሩ እዚያ ቢሰቀል ሽቦው እስከ ማንጎው ይደርሳል፤ አክስቷም ማንጎአቸው እስከዳነ እምቢ አይሉም።

አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ። "ጣሪያው የማንም ይሁን፣ ጄኔሬተሩ ብቻ ይቅር" አለ። ሥራው የአጁሉ ሆነ! ሴቶቹ እልል አሉ።

"ዝናብ ቢመጣስ?" አልኳት ላበሽቃት።

"ቤት ገብተን ቁልፍ እንተክላለን። በእጅ!"

መጥረቢያ የያዙት ሰዎች ተነሱ። "እኛስ?" አለ አንደኛው።

"መጥረቢያውን አስቀምጡና ማሽኖቹን አውጡ" አለች አጁሉ።

የመጀመሪያውን ማሽን ለሁለት ተሸክመው መጡ። "የት ይቀመጥ?" ብለው ጠየቁ።

እኔና አጁሉ እኩል ጠቆምን፤ የማንጎው ሥር ከመሬት ብቅ ወዳለበት፣ አክስቷ ሲሰፉ እግራቸውን ያሳርፉ ወደነበረበት።