ለውሻው የተተወው መንገድ

ትናንት ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ጣቴ ላይ የቀረው ሽታ ደብረ ብርሃን፣ ከተከራየንበት ቤት ጀርባ ወደነበረው ጓሮ ወሰደኝ። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ያደረበት አፈር ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ እያለ ይተን ነበር።

ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለን መጥተን አንድ ክረምት መጠለያ ድንኳን ውስጥ ካሳለፍን በኋላ እናቴ የአንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና ቡቺ። ቡቺ ቡናማ ውሻችን ነው። ቡችላ ሳለ፣ ከወለጋ ስንወጣ የመኪናው ሹፌር ውሻ አልጭንም ቢል፣ እናቴ ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ አመጣችው።

ጓሮው ድንጋይ ብቻ ነበር። እናቴ አስፈቅዳ ለቅማ ጨረሰችው።

"ቲማቲም እንዳትሞክሪ፣ ውርጩ ያቃጥለዋል። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይሁን" አሏት አከራያችን። ወዲያው ቡቺ ሲፈነጭ አይተው፣ "ግን ይሄ እያለ ምን ይበቅላል!" አሉ።

እናቴ ቶሎ አልቆፈረችም። ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብላ ቡቺን አየችው፤ የት እንደሚሮጥ፣ የት ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ አጥንቱን የት እንደሚቀብር። እኔ እሷ እንዳለችኝ ደብተሬ ጀርባ ላይ እሥላለሁ።

"እዚህ ጋ የጎመን መደብ አታድርጊ፤ የሱ መንገድ ነው።"

"እማዬ፣ ሰው ይስቅብናል። አስረነው ብንገላገልስ?"

"ይሣቁ። እኔ ቤት ታስሮ የሚኖር የለም።"

መደቦቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወጡ። እንደልቡ እንዲቆፍር ጥግ ላይ ልል አፈር ተተወለት። የአከራያችን ድመት አዲሱን አፈር መጸዳጃ እንዳታደርገው ደግሞ የቀጋ እሾህ ቆርጠን ችግኙ ዙሪያ ጣልን። ጣቶቼ ደምተው ነበር።

ጎመኑ ቅጠሉን መዘርጋት በጀመረ ሰሞን አንድ ጠዋት ቡቺ ድመቷን ሲያባርር መደቡ መሀል ገባ። ሰባት እግር ጎመን ተሰባበረ። አከራያችን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመው ያዩ ነበር።

"ነግሬሽ ነበር። ወይ ውሻው ይሂድ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ!"

በልቤ ውሻው ይሂድ ብያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ድንኳኑን ፈርቼ ነው። እናቴ ዶማዋን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"እትዬ፣ እኔ የደረሰ በቆሎ ከነማሳው ጥዬ የመጣሁ ሴት ነኝ። ለሰባት እግር ጎመን ብዬ ከዚያ የተረፈኝን አልጥልም። ልቀቂ ካሉኝ ነገ እለቃለሁ፤ ሦስታችንም።"

አከራያችን ወደ ድመቷ ዞሩና፣ "አንቺም ብትሆኚ ነገር ትፈልጊያለሽ!" ብለዋት ገቡ። በነጋታው አልለቀቅንም። ስለ መልቀቅም ዳግመኛ ያነሣ የለም። ጎመኑ ሲደርስ እናቴ የመጀመሪያውን እቅፍ ለእሳቸው ወሰደችላቸው፤ እሳቸውም የድመቷን ትርፍራፊ ለቡቺ መላክ ጀመሩ።

ባለፈው ክረምት ቡቺ ታሞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እኔ ለሥራ ከወጣሁበት ከተማ ስደርስ እናቴ እዚያው ጓሮ ውስጥ ቀብራው ነበር። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነው።

"ሌላ ቡችላ ላምጣልሽ?" አልኳት።

ለማንም እጅ ሰጥታ የማታውቀው እናቴ መሬት መሬት እያየች፣ "ይቅርብኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ አልችልም" አለችኝ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ያዝኩት።