እሜቴ ሳይበሉ

መሬት ላራሹ ሲታወጅ በእኛ አካባቢ ለሁሉም የሆነ ነገር ደረሰው፤ ለአንዱ ወንዝ ዳር እርሻ፣ ለሌላው በሬ። ለእናቴ የደረሷት እሜቴ ናቸው።

እሜቴ የምንላቸው የጥንቱ ባላባት ልጅ ናቸው። አያቴ ለሠርጋቸው ከበቅሎ ጋር የተሰጠች ባሪያ ነበረች። እናቴም እዚያው ትልቁ ግቢ፣ ጓዳ ውስጥ ተወለደች። ርስቱ ተወርሶ ልጆቻቸው ሲበታተኑ እሜቴ መግቢያ አጡ፤ እናቴ መካነ ሰላም ከተማ ካገኘቻት ጠባብ ቤት ይዛቸው ገባች። እኔ የማውቃቸው እንዲህ ሆነው ነው፤ መሬት የሌላቸው፣ ግን ሙሉ እመቤት።

ጠዋት እናቴ ውሃ አሙቃ እግራቸውን ታጥባለች። «ፈላ» ይላሉ። ታበርደዋለች። «ቀዘቀዘ» ይላሉ። ምሳ ሲቀርብ ብቻቸውን ይበላሉ፤ እሷ ማስታጠቢያውን ይዛ ከኋላቸው ትቆማለች። ጠግበው ሲታጠቡ የተረፈውን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጅ ሳለሁ የሁሉም ሰው እናት ጓዳ የምትበላ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ጅዳ ሄጄ ሰው ቤት ተቀጠርሁ። በላክሁት ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ሶፋና ቴሌቪዥን ገባ። ሶፋው ላይ ማን እንደተቀመጠ መናገር አያስፈልግም። እሜቴ ጎረቤት ሲመጣ «ቤቴን አሳደስሁት» ይሉ ነበር አሉ፤ እናቴም በርጩማዋ ላይ ሆና «አዎን፣ እሜቴ» ትላለች።

ስመለስ አንድ ነገር ቆርጬ ነው የመጣሁት፤ እናቴ ከእሳቸው ጋር እኩል ቀርባ ትበላለች። በመጣሁ ማግስት ጀመርሁ።

«እማ፣ ባርነት እኮ ከቀረ ቆየ! መንግሥት ሁለቴ ተለወጠ!»

«አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

የእሜቴ ጆሮ ከእኔ ይሻላል። ከሶፋው ላይ ሆነው «እኔ መች ከለከልኋት?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከልክለዋት አያውቁም። ማን ጠይቆ! ይሄ ደግሞ የባሰ አበገነኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዶሮ ሠርቼ ጠበቅኋቸው። ትሪውን መሐል አኑሬ ዙሪያውን ሦስት በርጩማ አደረግሁ። እናቴ ማስታጠቢያውን ልታነሳ ስትል ቀድሜ ነጠቅኋት። እጇን የምታደርግበት አጥታ በሩ ሥር ተገተረች። ለመንኋት፤ ተቆጣኋት፤ «ወላሂ ካልተቀመጥሽ እኔም አልበላም» አልሁ። ንቅንቅ የለም!

በመጨረሻ የወጡ መቀዝቀዝ ያሳሰባቸው እሜቴ «ነይ፣ ተቀመጪ!» ብለው አዘዟት።

ወዲያው ተቀመጠች። አልሸሹም ዞር አሉ! ያን ያህል ዘመን የተመኘሁት ነገር በትእዛዝ ሆነ። ቢሆንም ደስታዬን አልቻልሁትም። መጀመሪያ እሜቴን፣ ቀጥሎ እናቴን አስታጠብሁ። ሁለቱ አሮጊቶች ከአንድ ትሪ ሲቆርሱ ሳቄ መጣ። እሜቴ እንደ ልማዳቸው «ጨው በዛ» አሉ። እናቴ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «የለም፣ ደህና ነው» ስትላቸው ደነገጡና ጎረሱ።

እናቴም ልትጎርስ ቀና አለች። እኔን ስታይ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን ሆንሁ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ራሴን ያየሁት ያኔ ነው። ሦስተኛው በርጩማ ባዶ ነው። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ፤ ማስታጠቢያው በእጄ፣ ፎጣው ክንዴ ላይ፣ እስኪጠግቡ እየጠበቅሁ። ጅዳ የምቆመው እንዲህ ነበር። እግሬ ማንንም ሳይጠይቅ ቦታውን ይዟል።

እናቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። አልቅሳ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እኔስ ተወልጄበት ነው» አለች፤ «አንቺን ማን አስለመደሽ?»