የእናቴ ሌንስና የጥምቀት ውኃ

ይህ የገጠመኝ አምና በጥምቀት ሰሞን ነው። ዛሬም ፀጉሬን በተሠራሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የምንኖረው ገንዳ ውሃ በምትባል ቆላ ከተማ ነው። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ በሰሊጥና በማሽላ ማሳ ላይ ከፀሐይና ከአቧራ ጋር ስትታገል ኖራ፣ በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሥጋ በቅሎባት ነበር። የቀኙማ ብሌኗን ሸፍኖታል። ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ሰፈሩ በሹሩባ ሥራዋ የሚያውቃት ሴትዮ፣ የእኔን ፀጉር እንኳ መሥራት ካቆመች ቆይታ ነበር።

ከጎንደር የመጡ ሐኪሞች ሥጋውን በነፃ እንደሚያነሡ ነገሩን። አብሮም ጥናት አላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የአንዳንዱ ሰው ዓይን በፋሻ ይሸፈናል፤ ለሌላው ደግሞ ቁስሉ እንዳይቆረቁረው ስስ ሌንስ ይደረግለታል። ሕመሙን የሚያቀለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለጉት። ለማን ምን እንደሚደርስ የሚለየው በዕጣ ነው።

"ጥናቱን ካልፈለጉ መተው ይችላሉ፤ ሕክምናው አይቀርብዎትም" አለቻት ከሐኪሞቹ ጋር የመጣችው ሲስተር።

"ከእኔ ዓይን የሚማሩት ካለ ይማሩ እንጂ" ብላ እናቴ ገባችበት። ሌንሱ ደረሳት፤ መጀመሪያ የቀኝ ዓይኗ ተሠራ።

በማግሥቱ ሲስተሯ "ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"አሥሩ ምን ያህል ነው?"

"ከዚያ በላይ ሰው የማይችለው ሕመም ነው።"

"እንግዲያ አሥሩ ይችን ስወልድ ነው" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። "ይሄማ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።" ሲስተሯ እየሳቀች ቁጥር ይንገሩኝ ብትላት በመከራ "ሁለት" አለች።

አጥብቃ ያስጠነቀቀችን ግን ስለ ውኃ ነበር። ሌንሱ እስኪወጣ ድረስ ወደ ዓይኗ ጠብታ ውኃ እንዳይገባ፤ ቁስሉ ከመረቀዘ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል አለችን። እሺ አልን። ጥምቀት ግን ደጃችን ላይ ነበር።

"ዘንድሮ ቤት እንዋል እማ" አልኳት።

"ታቦት ወጥቶ እኔ ቤት? ኧረ ተይኝ!"

ራቅ ብለን ልንቆም ተስማማን። እሷ ሐኪሞቹ የሰጧትን ጥቁር መነጽር አደረገች፣ እኔ ጃንጥላ ያዝኩ።

ያላሰብኩት የሰዉን ደግነት ነው። በእኛ አገር የታመመ ሰው ከታየ ጠበሉ ቅድሚያ ለእሱ ነው። እናቴን ያያት ሁሉ "ዓይናቸውን የታመሙ እናት አሉ፣ መንገድ ልቀቁ!" እያለ ወደ ፊት ገፋን። ዳር ቆመን የነበርነው ሰዎች ሳናውቀው መሀል ተገኘን። ጎረቤታችን አያ መልካሙ፣ ለሰሊጥ ተባይ ብሎ የገዛውን ገና ያልተነካ መርጫ የተባረከውን ውኃ ሞልቶበት፣ በጀርባው አዝሎ ሕዝቡን ይረጫል። ሲያየን ፊቱ በራ።

"እትዬ ዘነቡ! መነጽሩን ያውልቁትማ፣ ዓይንዎ ላይ በደንብ ላድርግልዎ!"

ጃንጥላውን ዘርግቼ "አይሆንም! ሌንስ አላት!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ! አንዲት ሴት "ምን ያለችው ናት፣ እናቷን ጠበል ትከለክላለች?" ብላ ገላመጠችኝ። ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት ግን እናቴን ነው። እጇ ወደ መነጽሩ ሲሄድ አየሁ።

እናቴ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አጠበቀችው።

"ቆይ መልካሙ፣ ለሐኪሞቹ ቃል ሰጥቻለሁ። የእኔን ድርሻ ለልጄ አድርግልኝ። ከሆዴ የወጣች አይደለች?" አለችና ጃንጥላውን ነጥቃኝ ወደ ፊት ገፋችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። አያ መልካሙ መርጫውን እኔ ላይ ጨረሰው። ሌላው በጆግ፣ ሌላው በጠርሙስ፣ "ለእናትሽ ዓይን!" እያለ አፈሰሰብኝ። ያችው የገላመጠችኝ ሴት እንኳ አልቀረችም። እናቴ ጃንጥላዋ ሥር ሆና "ጨምሩላት!" ትላለች። የበዓል ቀሚሴ ሰውነቴ ላይ ተጣብቆ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ፣ እየሳቅሁ ወደ ቤት ገባሁ።

ሌንሱ የወጣ ዕለት እናቴ ዓይኗን አርገበገበች። መስኮቱን አየች፣ ሲስተሯን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈች። እጇን ሰዳ ሻሼን ወደ ኋላ ሸርተት አደረገችው።

"ልጄ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ነው። ሲሞት አብራኝ አልቅሳለች፤ ሽበቴን ግን ማየት አልቻለችም ነበር። "አንቺ ሳታዪኝ" አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን። ሲስተሯ "ዓይንዎን እንዳያሹት!" እያለች ትጮኻለች።

አሁን የግራው ዓይኗ ተራውን እየጠበቀ ነው። የጥናቱን ውጤት ገና አልሰማንም። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት እግሯ ሥር ቁጭ እላለሁ፣ እሷም ሽበቴን እየለየች ሹሩባ ትሠራኛለች። አጥብቃ ስለምትጎነጉን ራሴን ያመኛል።

"ከአሥር ስንት ነው?" ትለኛለች እየሳቀች።

"እዚህ ግባ የሚባል አይደለም" እላታለሁ፣ እንዳታቆም ብዬ።