ቃል በሌለው ዘፈን ላይ የሰጠሁት ምስክርነት

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። በጸሎት እንኳ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ እሱ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። አንድ ጊዜ በግጥም ልጽፈው ሞከርኩ፤ እያማረልኝ ሲሄድ ተጸይፌ ቀደድኩት። ስለዚህ በተራ ቃል ነው የምነግርህ። ስማኝ እንጂ አታጽናናኝ።

በገመቹ ላይ በሐሰት የመሰከርኩት እኔ ነኝ።

ጊዳ አያና ወረዳ ነገር ሲከፋ ተፈናቅዬ ነቀምቴ መጥቼ የተከራየሁት ክፍል እናቱ ግቢ ውስጥ ነው። አዴ ዲንቂ ይባላሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ" ነው የሚሉኝ። ገመቹ ቸርቻችን ውስጥ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። እሁድ እሁድ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘምር፣ አዴ ዲንቂ ፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው ዓይናቸውን ገልጠው የልጃቸውን ጣቶች ያያሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፊታቸው የሚፈታው እዚያ ብቻ ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር።

በሥራ ቀናት ደግሞ ገመቹ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር "ቆርቆሮ" የሚባል ባንድ ነበረው። ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ከላፕቶፕ የሚወጣ ከበሮ። የመጀመሪያ አልበማቸውን የማያጫውት ባጃጅ ነቀምቴ ውስጥ አልነበረም፤ ፈጣን፣ ደስ የሚል፣ ሠርግ ላይ ትከሻ የሚያስነሳ ነገር ነው። ሁለተኛው ሲወጣ ግን ሰው ግራ ተጋባ። ሚሞሪ የምናስጭንበት ሱቅ ባለቤት "ፋይሉ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ሌላ ልጫንልህ?" ብሎኛል።

አልተበላሸም ነበር። ኡኬ የምትባል ከተማ ያለ የአንድ ወፍጮ ቤት ድምፅ ቀድተው ከበሮ አድርገውታል። ጊታሩ ሻክሮ፣ በክረምት ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል፤ ከሥሩ የገመቹ ኪቦርድ እንደ መዝሙር ቀስ ብሎ ይገባል። አይቸኩልም። ጨፍር አይልህም። መጨረሻው ላይ ያለው ረጅም ዘፈን ደግሞ ጭራሽ ቃል የለውም። ቃል ስቆጥር የምውለው እኔ፣ ዝም በል የሚለኝን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁ። ጊዳ አያና ጥዬው ስለመጣሁት ነገር ምንም ሳይጠይቀኝ አብሮኝ የተቀመጠ እሱ ብቻ ነበር። ወደድኩት። ይህን ልብ በልልኝ፤ ወደድኩት።

ታዲያ ለምን?

አልበሙ ሳይወጣ፣ ያንን ዘፈን ሲለማመዱ ሰምቼ ግጥም ጽፌለት ሄጄ ነበር። መናኸሪያው ጀርባ ያለች ክፍላቸው ስገባ ጊታሪስቱ፣ "ተጠንቀቁ፣ ገጣሚው መጣ! አሁን ሁላችንንም ቤት ያስመታናል!" አለ። ሳቁ። ገመቹ አልሳቀም። ወረቀቱን ደጋግሞ አንብቦ፣ "ግጥሙ ቆንጆ ነው፣ ወንድሜ። ግን እዚህ ላይ ሰው ከተናገረ ዘፈኑ ይሞታል" አለኝ።

"ለሦስተኛው አልበም አስቀምጠው" አለ ያ ጊታሪስት። "ያኔ መብራት ጭራሽ ጠፍቶ ኪቦርዱም ጊታሩም ስለማይሠራ፣ ገጣሚው ብቻውን ይጮህልናል።"

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ በደል አልደረሰብኝም። ለዚህች ሳቅ ብዬ ነው ሰው የሸጥኩት። ያስጠላል፣ አይደል? ትልቅ ምክንያት ብሰጥህ ደስ ባለኝ፤ የለኝም።

እሁድ ከመዝሙር በኋላ የምስክርነት ሰዓት አለን። እግዚአብሔር ያደረገለትን መናገር የፈለገ እጁን አውጥቶ ማይክ ይቀበላል። በዚያ ሰዓት የተናገረን ሰው "እውነትህን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አሜን ነው የሚባለው። አውቄ ነው የተጠቀምኩበት። ያን ጠዋት አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ መጥቼ፣ ቸርቹ በር ላይ ነው የነቀልኩት።

እጄን አወጣሁ። አንድ ሙዚቃ አስሮኝ እንደነበር፣ እንቅልፍ እንደነሳኝ፣ ልጸልይ ስል አፌን እንደያዘኝ ተናገርኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ቃል የለውም። ሰው አይናገርበትም። ሰው ካልተናገረ ታዲያ የሚናገረው ማን ነው?" አልኩ። የባንዱን ስም አልጠራሁም፤ መጥራት አላስፈለገኝም። ከኋላ አንዲት ሴት "ኢየሱስ!" ብላ ጮኸች። አሜኑ እንደ ጎርፍ መጣልኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ሰምቶኝ አያውቅም። ጣፈጠኝ። እንባዬ ወረደ፤ የደስታ እንባ ነበር።

ምስክርነት ሲያልቅ ኪቦርድ ቀስ ብሎ መግባት አለበት፤ ልማዱ ነው። ገመቹ ጣቶቹን አነሳና ገባ። ውሸቴን አጀበልኝ።

ሽማግሌዎቹ ጠርተው ወይ ባንዱን ተው፣ ወይ ከኪቦርዱ ተነሳ አሉት። "ሁለቱንም የምጫወተው በእነዚሁ ጣቶች ነው" ብሎ ተነሳ። አዴ ዲንቂ እያለቀሱ፣ ያንን ሙዚቃ ካልተውክ ቤቴ አትግባ አሉት። ምን ያድርጉ? በገዛ ግቢያቸው የሚኖረውን ልጅ እንዳሰረው በጆሯቸው ሰምተዋላ። ገመቹ አኖ ወደምትባል ከተማ፣ ዘመድ ጋ ሄደ። ባንዱም ተበተነ። ልብሱን አስሮ ሲወጣ በሬ ላይ ቆመና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ግን ወደኸው ነበር፣ አይደል?"

ክፍላችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ዘፈኑን ስደጋግመው ሲሰማኝ ኖሯል። በሩን ዘጋሁበት። እሱም ለእናቱ አልነገረብኝም። ለምን አልነገረብኝም? ቢነግራቸው ኖሮ ሌላ ሰው ይሆኑብኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ብጠላው እንኳ ምክንያት ይኖረኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዴ ዲንቂ ስልካቸውን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። ደውለውለታል፤ መስመር ላይ ነው። "እኔንማ አይሰማኝም፣ ኢልማ ኮ። አንተ ንገረው። ከዚያ ሙዚቃ እንዴት እንደወጣህ ንገረው፣ ይመለስልኝ።"

ያኔ እውነቱን ማውጣት እችል ነበር። እሱ በጆሮዬ ነበር፣ እሳቸው በፊቴ። ሌላ ማንም አልነበረም። አየኋቸው። ስልኩን ተቀበልኩና ምስክርነቴን እንደገና ሰጠሁ። ያንኑ ቃል፣ ያው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ገመቹ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

"ምን አለህ?" አሉኝ።

"እያሰበበት ነው፣ አዴ።"

"ዋቀዮ ይባርክህ!" ብለው እጄን ያዙ። አሜን አልኩ።

ከጊዳ አያና መፈናቀሌን፣ ብቸኝነቴን፣ የተሳቀብኝን ሳቅ ምክንያት አድርጌ አላቀርብልህም። ይቅርታም አልጠይቅህም፤ አንተን ምን አደረግኩህና? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት እስካሁን እያመሰገኑኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ትኩስ ቂጣ በቅቤ ለውሰው አመጡልኝ። ተቀብዬ በላሁት።