የጉሮሮው ሄልሜት

አማቼን ሰው ሁሉ «ቀስ በል» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሞተር ሊከራይ የመጣ እንግዳ ገና ኮርቻው ላይ ሳይደላደል «ቀስ በል» ይለዋል፤ ልጁ ሾርባ ስትጠጣ «ቀስ በይ» ይላታል። እህቴን ለማግባት ራሱ ቀስ ከማለቱ የተነሳ እናታችን ተስፋ ቆርጣ ሌላ ሰው ልታስብላት ጀምራ ነበር። እኔ ጎሚስታ ነኝ። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የእኔ ሱቅና የእሱ ጋራዥ በአንድ ቆርቆሮ ይዋሰናሉ፤ ያንን ቃል በቀን ስንቴ እንደሰማሁት አምላክ ይወቀው።

ደሴታችንን ሊያይ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልቱ ዙሪያውን ነድቶ፣ ወደቡ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ቀስ በል ግን ካርታ ላይ የሌሉ መንገዶችን ያውቅ ነበር። በተዘጋው የጨው ማምረቻ ነጭ መሬት ላይ የሚያልፈውን፣ ማዕድን ቆፋሪዎች ትተውት የሄዱትን ቀይ አቀበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉሮሮን። ለልጁም አንድ በአንድ አሳያት፤ አድጋ እሷም እንግዳ መምራት ጀመረች።

ጉሮሮ ገደሉ ወገብ ላይ የተፈለፈለ መንገድ ነው። በአንድ ወገን ዓለት፣ በሌላው ባዶ አየር፣ ከታች ባሕር። አንድ ሞተር ያሳልፋል፤ ሁለት አያሳልፍም፤ መዞርም አይቻልም። ውበቱን አልክድም። ያየው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚመለሰው። እኔ ግን እፈራዋለሁ፤ ሱቄ ደጃፉ ላይ ሆኖ እንኳን እዚያ የገባሁት በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው።

ስለዚህ ነጂዎቹ አንድ ሕግ ነበራቸው። ያረጀ ሰማያዊ ሄልሜት አለ፤ አንድ ብቻ። በመንገዱ በሁለቱም ጫፍ ዓለቱ ላይ ሚስማር ተመቷል። ሄልሜቱ አንተ ባለህበት ጫፍ ተሰቅሎ ካገኘኸው ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ ትገባለህ፤ ስትወጣ ወዲያ ማዶ ትሰቅለዋለህ። ከሌለ ቁጭ ብለህ ይዞት የሚመጣ ሰው ትጠብቃለህ። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ያልፍሃል፣ የሰው እናት ትሳደባለህ፣ ግን አትገባም።

ታዲያ ያ ትልቁ ንፋስ የመጣ ሰሞን ሄልሜቱ ጠፋ። እዚህ ሚስማሩ ባዶ፣ ወዲያ ማዶም ባዶ። ቀስ በል ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጉሮሮን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄደ፤ ሰው አለመኖሩን በዓይኑ አየ። ወዲያ ማዶ ያሉትን ቤቶች ሁሉ እያንኳኳ ጠየቀ፤ አንድ የአሣ አጥማጅ ሽማግሌ ቤት ብቻ ተቆልፎ ነበር። ባሕር በላው አሉ፤ እሱም አመነ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ አቀርቅሮ ሌላ ሄልሜት ሰማያዊ ቀለም መቀባት ጀመረ።

«አሁን ደግሞ ሠዓሊ ሆንክ?» አልኩት።

«ይድረቅ፣ አትንካው» አለኝ ቀና ሳይል።

ሲደርቅ በእኛ ጫፍ ሰቀለው፤ መንገዱም እንደ ድሮው ተከፈተ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ ሱቄ በር ድረስ ደረሰ። ልጅቷ ሁለት እንግዶች አስከትላ፣ ሦስቱም በየሞተራቸው፣ ጭጋጉ ገና ሳይከብድ በአስፋልቱ ዞረው ወዲያ ማዶ ሄደዋል። አባቷ አዲሱን ሄልሜት በጉሮሮ በኩል ያደርስላታል፤ እሷ ተቀብላ እንግዶቹን ይዛ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው የሚሠሩት።

«ዛሬ ይቅርብህ፣ እጅህን እንኳን አታይም» አልኩት።

«እንግዶቹን ብርድ ላይ ገትራ እየጠበቀችኝ ነው እኮ።»

«በመጡበት ይመለሱ።»

«ጉሮሮን ሊያዩ ነው የመጡት። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።»

ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠለጠለ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጭጋጉ ዋጠው። ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ጎማ ጀምሬ ተውኩት፣ ሌላ ጀመርኩ።

ስልኬ ጮኸ። ያ ቤቱ ተቆልፎ የነበረው ሽማግሌ አሣ አጥማጅ ነው።

«ጎሚስታው፣ ለአማችህ ንገርልኝ፤ ሄልሜታቸውን ሰቅዬላቸዋለሁ።»

«የቱን ሄልሜት?»

«ሰማያዊውን ነዋ። ያን ጊዜ ንፋሱ ይወስደዋል ብዬ ቤት አስገባሁት፤ ወዲያው እህቴ ታመመችና በጀልባ ሄድኩ። ትናንት ስመለስ ቦታው መለስኩት። ጥሩም ሆነ፣ ልጅቷ አሁን ይዛው ገባች።»

ስልኩን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ጉሮሮ አፍ ላይ ደርሼ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ባሕሩ ከእኔ ይበልጥ ይጮህ ነበር። ተከትዬው ልግባ አልልም፤ በእግር አልደርስበትም፣ በሞተር ብገባ ደግሞ መንገዱን ይብስ እዘጋዋለሁ። ቆምኩ። አንድ ጊዜ የሆነ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ማዕበሉ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ከዚያ የሞተር ድምፅ ቀረበ። መጀመሪያ የእህቴ ልጅ ወጣች፤ ያረጀው ሄልሜት ክንዷ ላይ ይወዛወዛል። ከኋላዋ አንዱ እንግዳ፣ ከእሱ ኋላ ሌላው። ፊታቸው በጤዛ ርሶ ይስቃሉ።

«አጎቴ፣ ሄልሜቱ ተገኘ!» አለችኝ።

«አባትሽስ?»

«አባቴ እዚህ አይደል እንዴ?»

«ሌላኛውን ይዞ ገብቷል። አላገኘሽውም?»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «ማንንም አላገኘሁም» አለች። ቀጥላም «ሄልሜቱ እዚያ ተሰቅሎ ነበር እኮ» አለች። በልጅቷ አልፈርድም። ሚስማሩ ላይ ሰማያዊ ነገር ካየች መንገዱ ባዶ ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ይኼንን ነው የምታውቀው። አባቷ ገና አልተነሳም ብላ ነው የገባችው፤ አዲሱ ሄልሜት በእሱ እጅ መሆኑ ትዝ ያላት ከወጣች በኋላ ነው።

በእግሬ ሮጬ ገባሁ፤ ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ። እሷ ሞተሯን አቁማ ከኋላዬ እስክትመጣ ቀደምኳት። ትልቁ ጥምዝ ጋ ስደርስ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የጎማ ዱካ አይቻለሁ። የተንሸራተተ ጎማ አፈሩን ይጠርጋል፤ ፍሬን የተያዘበት ደግሞ ይቧጭራል። ይኼ ግን ጥርሱ ሁሉ ርጥቡ አፈር ላይ የታተመ ንጹሕ ዱካ ነበር። መንገዱ ወደ ዓለቱ ይታጠፋል፤ ዱካው ወደ ባሕሩ ታጥፏል።

ቀስ በል የልጁን ሞተር ድምፅ ከሺህ ይለየዋል፤ ፈትቶ የገጠመው እሱ ነው። ከላይ እየወረዱ ነበር። በዚያ ጠጠር ላይ፣ በዚያ ጭጋግ፣ ድንገት ፊታቸው ቢያገኙትና ፍሬን ቢይዙ ሦስቱም ገደል ይገቡ ነበር። ያ ቀርፋፋ ሰውዬ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ። እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ተናደድኩበትም፣ ምን እንዲያደርግ እንደፈለግሁ ግን አላውቅም።

የልጅቷ እግር ድምፅ ከኋላዬ ሲቀርብ ዱካውን በጫማዬ አጠፋሁት።

«አጎቴ፣ አየኸው?»

«ተንሸራቶ ነው» አልኳት።

ለእህቴም ከዚህ ሌላ አልነገርኳት። ልጅቷ ዛሬም እንግዳ ትመራለች። ጥምዙ ጋ ስትደርስ ሞተሯን ታጠፋና «አባቴ እዚህ ጋ ነው የተንሸራተተው» ትላቸዋለች። ሲመለሱ እንግዶቹ ሱቄ ገብተው እውነት መሆኑን ይጠይቁኛል፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም አዎ እላቸዋለሁ።